ሪኮል በካሊፎርኒያ፦ የመረጥነውን የከተማ ባለሥልጣን በፊርማ ማውረድ እንዴት ይቻላል?

አንድ የከተማ ምክር ቤት አባል ሰፈሩን ያስቆጣ ውሳኔ ወሰነ። መንገድ ተዘጋ፤ ወይም ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፤ ወይም ፓርኪንግ ተወስዶ ሱቆች ገበያ አጡ። ስብሰባ ላይ ተጮኸ፣ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ያኔ አንዱ ይነሳና «ሪኮል እናድርገው» ይላል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህ ባዶ ዛቻ አይደለም። የተመረጠ ሰው የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ በሕዝብ ፊርማና ድምፅ ከወንበሩ ሊነሳ እንደሚችል የስቴቱ ሕገ መንግሥት ከ1911 ጀምሮ ይፈቅዳል (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሰውየው ሰርቋል ወይም ሕግ ጥሷል ብላችሁ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ውሳኔው ጎድቶናል ማለት ይበቃል። ምክንያቱ በቂ ነው፣ አይደለም ብሎ የሚወስነው መራጩ ራሱ ነው።

በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜ፣ በሎስ አንጀለስና በሳንዲያጎ ብዙ የእኛ ሰው ይኖራል። አብዛኞቻችን ግን ከሪኮል ጋር የምንተዋወቀው ገበያ በር ላይ ክሊፕቦርድ ሲዘረጋልን ነው። ይህን የጻፍኩት ክሊፕቦርዱን ለሚይዙትም፣ ለሚዘረጋላቸውም ነው።

መጀመሪያ፦ ሰውየው ሲወርድ ውሳኔው አብሮ ይወርዳል?

ይህን ጥያቄ ሳትመልሱ አንድ እርምጃ አትሂዱ። ሪኮል ሰው ያነሳል እንጂ ውሳኔ አይሽርም።

የሳን ፍራንሲስኮውን የጆኤል ኢንጋርዲዮን ጉዳይ እንይ። ሰውየው ሰንሴት የሚባለውን የምዕራብ ሰፈር ወክለው የተመረጡ ሱፐርቫይዘር (የከተማው ምክር ቤት አባል) ነበሩ። በ2024 ከሌሎች አራት ሱፐርቫይዘሮች ጋር ሆነው ፕሮፖዚሽን ኬ የተባለውን ጥያቄ ለከተማው መራጭ አቀረቡ። ጥያቄው በውቅያኖሱ ዳር የሚያልፈው አፐር ግሬት ሀይዌይ ለመኪና ይዘጋና ፓርክ ይሁን የሚል ነበር። በኅዳር ወር የከተማው መራጭ በአብላጫ ድምፅ አጸደቀው። መንገዱን በየቀኑ የሚጠቀመው የሰንሴት ነዋሪ ግን አብዛኛው «አይሆንም» ብሎ ነበር የመረጠው። የራሳችን ተወካይ ከዳን አሉ። 9,911 ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ተገኘ። መስከረም 16 ቀን 2025 በተሰጠው ድምፅ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው መራጭ «ይውረዱ» አለ። ወረዱ።

መንገዱስ? አልተከፈተም። ምክንያቱም የዘጋው የእሳቸው ፊርማ ሳይሆን የከተማው ሕዝብ ድምፅ ነው። የሰንሴት ሰዎች ተሳሳቱ ማለቴ አይደለም። እምነት ያጡበትን ተወካይ ማውረድ በራሱ ሙሉ ምክንያት ነው። ነገር ግን ሪኮሉን መንገዱን ያስከፍታል ብሎ የፈረመ ሰው ካለ፣ ያ ሰው በትክክል አልተነገረውም።

ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። ምክር ቤቱ አምስት ሰው ቢሆንና ውሳኔው 4 ለ 1 ቢያልፍ፣ አንዱን ብታወርዱት ሦስቱ አሁንም አብላጫ ናቸው። በወረደው ቦታ ማን እንደሚገባም እወቁ። ከ2023 ጀምሮ በስቴቱ ሕግ በሚመራ የአካባቢ ሪኮል ላይ ወረቀቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይውረድ ወይስ ይቆይ? ተተኪውን አብራችሁ አትመርጡም። በአብዛኞቹ ትናንሽ ከተሞች ቀሪዎቹ የምክር ቤት አባላት በ60 ቀን ውስጥ ወይ ሰው ይሾማሉ ወይ ልዩ ምርጫ ይጠራሉ። ተተኪውን የሚሾሙት እነዚያው «እሺ» ብለው ድምፅ የሰጡት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። የራሳቸው ቻርተር (የከተማ መተዳደሪያ ሕግ) ያላቸው ከተሞች ደግሞ ይለያያሉ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከንቲባው ነው የሚሾመው። ከኢንጋርዲዮ በኋላ ከንቲባ ዳንኤል ሉሪ መጀመሪያ የሾሟት ተተኪ በሳምንት ገደማ ለቀቁ፤ ከዚያ አለን ዎንግ ተሾሙ። ኦክላንድ ላይ ከንቲባ ሼንግ ታኦ በኅዳር 2024 በሪኮል ሲወርዱ ግን ልዩ ምርጫ ተጠራ፤ ሚያዝያ 15 ቀን 2025 ባርባራ ሊ አሸነፉ።

ዋናው ጉዳያችሁ ውሳኔው ራሱ ከሆነ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ሪፈረንደም ይባላል። ምክር ቤቱ ያጸደቀው የከተማ ድንጋጌ ሥራ ላይ ሳይውል ማገድ ነው። ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ብቻ ነው ያላችሁ፤ የተመዝጋቢውን መራጭ 10 በመቶ ፊርማ ይጠይቃል። ፊርማው ከበቃ ድንጋጌው ይታገዳል፤ ምክር ቤቱም ወይ ይሰርዘዋል ወይ ለሕዝብ ድምፅ ያቀርበዋል። ግብርን፣ አስቸኳይ ተብሎ የጸደቀን ድንጋጌና ተራ የአስተዳደር ውሳኔን አይነካም። በንዴት ስለ ሪኮል ስናወራ ይህ 30 ቀን ሲያልፍ በጣም ያሳዝነኛል። ውሳኔው በተላለፈ በማግስቱ ሲቲ ክለርክ (የከተማው ጸሐፊ) ጋ ደውሉና «ይህ ለሪፈረንደም ይቀርባል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ካሊፎርኒያ ካልሆናችሁ

ሕጉ በየስቴቱ ይለያል፤ በጣም። ዋሽንግተን ስቴት ላይ ውሳኔውን መጥላት አይበቃም። የሥልጣን አላግባብ መጠቀም ወይም የመሐላ መጣስ ክሱን መጀመሪያ ፍርድ ቤት ማየት አለበት። ሲያትል ላይ የምክር ቤት አባሏ የክሻማ ሳዋንት ሪኮል በዚያ አልፎ በታኅሣሥ 2021 ለድምፅ ደረሰ፤ እሳቸው በ310 ድምፅ ልዩነት ተረፉ። ቨርጂኒያ ላይ ፊርማው የሚሄደው ወደ ሰርኪዩት ኮርት ነው፤ የሚወስነው ፍርድ ቤቱ እንጂ የሕዝብ ድምፅ አይደለም። ኮሎራዶ ከካሊፎርኒያ ጋር ይቀራረባል፤ ፊርማ መሰብሰቢያው ግን 60 ቀን ነው። ቴክሳስ ላይ የከተማችሁ ቻርተር ይወስነዋል። አገር ቤትም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ሊያነሳ እንደሚችል ይናገራል፤ ዝርዝሩን ለሕግ ይተወዋል።

ከዚህ በታች ያለው የካሊፎርኒያ ነው።

ስንት ፊርማ፣ በስንት ቀን?

መቁጠሪያው ባለሥልጣኑ በተመረጠበት ክልል ያለው የተመዘገበ መራጭ ነው። ሰውየው በዲስትሪክት ከተመረጠ የዲስትሪክቱ፣ በመላው ከተማ ከተመረጠ የከተማው። በስቴቱ ሕግ እንዲህ ነው፦

- ከ1,000 በታች መራጭ፦ 30 በመቶ
- ከ1,000 እስከ 10,000፦ 25 በመቶ
- ከ10,000 እስከ 50,000፦ 20 በመቶ
- ከ50,000 እስከ 100,000፦ 15 በመቶ
- ከ100,000 በላይ፦ 10 በመቶ

ጊዜውም እንደዚያው ይለያያል። ከ1,000 በታች ከሆነ 40 ቀን፣ ከ5,000 በታች 60፣ ከ10,000 በታች 90፣ ከ50,000 በታች 120፣ ከዚያ በላይ 160 ቀን።

በወረቀት ላይ አስሉት። ዲስትሪክታችሁ 24,000 መራጭ አለው እንበል። 20 በመቶው 4,800 ነው፤ ጊዜው 120 ቀን። በቀን 40 ትክክለኛ ፊርማ፣ እሑድም ሆነ በዓል፣ ዝናብም ሆነ ፀሐይ። የሚበላሸውን ለማካካስ 6,000 ካሰባችሁ በቀን 50። ይህን ቁጥር ለስብሰባው ንገሩና ማን ማን በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚቆም በስም ጻፉ። ስሙ ካልሞላ ገና ናችሁ።

ቀን መቁጠሪያም አለ። ባለሥልጣኑ ሥራ ከጀመረ 90 ቀን ካልሞላው አይቻልም። የሥራ ዘመኑ ሊያልቅ 6 ወር ወይም ከዚያ በታች ከቀረውም አይቻልም። በሪኮል ድምፅ ካሸነፈ ደግሞ 6 ወር አይነካም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ መደበኛው ምርጫ ዓመት ከቀረው ሪኮሉን ተዉትና ጥሩ ተፎካካሪ ፈልጉ።

ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኦክላንድና ሎስ አንጀለስን የመሰሉ ከተሞች የራሳቸው ቻርተር ስላላቸው ቁጥሩም ቀኑም ሊለይ ይችላል። በኢንተርኔት ያያችሁትን አትመኑ። ክለርኩን ጠይቁና መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ።

ማስታወቂያው፦ 200 ቃል

የመጀመሪያው ሕጋዊ ወረቀት «ሪኮል ልንጠይቅ አስበናል» የሚል ማስታወቂያ ነው። የባለሥልጣኑ ስምና ሥልጣን፣ ምክንያቱ ከ200 ቃል ባልበለጠ፣ ከዚያ የጠያቂዎቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይሰፍርበታል። ስንት ጠያቂ እንደሚያስፈልግ እንደ ክልሉ ስፋት ይለያያል። ሁሉም በዚያ ክልል የተመዘገቡ መራጮች መሆን አለባቸው። ስማቸው አደባባይ እንደሚወጣም ቀድማችሁ ንገሯቸው። ሱቅ ያለው፣ ከከተማው ጋር ሥራ ያለው ሰው አስቦበት ይግባ።

ማስታወቂያው ለባለሥልጣኑ በእጅ ወይም በሰርቲፋይድ ሜይል ይደርሳል። ዋናው ቅጂ በ7 ቀን ውስጥ መድረሱን ከሚያረጋግጥ መሐላ ጋር ለክለርኩ ይገባል። በጋዜጣም ይታተማል፤ ወጪው የእናንተ ነው። ባለሥልጣኑ በ7 ቀን ውስጥ በ200 ቃል መልስ መስጠት ይችላል። የእናንተ ክስና የእሱ መልስ ጎን ለጎን ፊርማ ማሰባሰቢያው ላይ ይታተማሉ።

እዚህ 200 ቃል ላይ ጊዜ ውሰዱ። «ሕዝቡን ንቋል፣ አምባገነን ሆኗል» የሚል ጽሑፍ ለእኛ ልብ ያረካል፤ ገበያ በር ላይ ለቆመ እንግዳ ሰው ግን ምንም አይነግረውም። «በዚህ ቀን በተደረገው ስብሰባ የአውቶቡስ መስመራችን እንዲቀር እሺ ብሎ ድምፅ ሰጠ። ከድምፁ በፊት በሰፈራችን አንድም ስብሰባ አልተጠራም። በምርጫ ዘመቻው ግን መስመሩን እንደሚጠብቅ ጽፎ ነበር» ስትሉ ሰው ቆሞ ያነባል። ቀኑን ከስብሰባው ቃለ ጉባኤ ውሰዱ፤ የብዙ ከተሞች ስብሰባ በቪዲዮም ይቀመጣል። ኢሜይልና ሰነድ ካስፈለጋችሁ በካሊፎርኒያ የሕዝብ መዛግብት ሕግ ጠይቁ። መሥሪያ ቤቱ ሰነዱን ይስጥ አይስጥ በ10 ቀን ውስጥ ሊያሳውቃችሁ ይገባል፤ በሕጉ የተፈቀደ ማራዘሚያ ግን አለው።

ያላረጋገጣችሁትን አትጻፉ። ሃይማኖቱን፣ ዘሩን፣ ቤተሰቡን አትንኩ። ውሳኔው ላይ ብቻ ቁሙ።

ቀጥሎ ባዶውን የፊርማ ቅጽ ስቴቱ ባወጣው አቀራረብ አዘጋጅታችሁ ለክለርኩ ታሳያላችሁ። የፊደል መጠን ሳይቀር በሕግ የተወሰነ ነው። ቅጹ መጽደቁን በጽሑፍ ሳታገኙ አንድም ፊርማ አትቀበሉ።

ፊርማ የሚበላሸው እንዴት ነው?

አብዛኛው ድካም ውሃ የሚበላው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

በ2022 የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ የነበሩትን ጆርጅ ጋስኮንን ለማውረድ 566,857 ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ጠያቂዎቹ 715,833 አስገቡ። ሲቆጠር ትክክለኛ የሆነው 520,050 ብቻ ነበር፤ 195,783 ወደቀ። ሪኮሉም ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። ከወደቁት ውስጥ 88,464 ያልተመዘገቡ ሰዎች ፊርማ ነው። 43,593 ደግሞ የፈረሙ ሰዎች ድጋሚ የፈረሙት። 32,187 አድራሻው ከምዝገባው ጋር ያልገጠመ። 9,490 ፊርማው ያልተመሳሰለ።

እነዚህ አራት ስህተቶች በእኛ ሰፈር የራሳቸው መልክ አላቸው።

ቤት ቀይሮ ምዝገባውን ያላስተካከለ ሰው ብዙ ነው። ክሊፕቦርዱን ከመስጠታችሁ በፊት «ለምርጫ የተመዘገቡት አሁን በሚኖሩበት አድራሻ ነው?» በሉ። ካልሆነ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ኦንላይን ያስተካክል፤ ከዚያ ይፈርም። የፖስታ ሣጥን ቁጥር አድራሻ አይሆንም።

አባወራው ለቤተሰቡ ሁሉ መፈረም አይችልም። ባለቤቱም ልጆቹም እያንዳንዳቸው በእጃቸው ይፈርሙ፤ ስምና አድራሻቸውንም ራሳቸው ይጻፉ። መጻፍ የሚያቅታቸው እናት ወይም አባት ካሉ ሌላ ሰው ስማቸውንና አድራሻቸውን ሊጽፍላቸው ይችላል። ፊርማውን ወይም ምልክቱን ግን እሳቸው ራሳቸው ያኖራሉ፤ ምልክት ከሆነ ምስክር ያስፈልጋል።

ፊርማ የሚመሳከረው ከምዝገባው ፊርማ ጋር ነው። ሲመዘገብ በአማርኛ የፈረመ ሰው እዚህም በአማርኛ ይፈርም። ሲቲዝን ሲሆን ስሙን ያሳጠረ፣ ወይም የአያቱን ስም የጨመረ ደግሞ በምዝገባው ላይ እንዳለው ይጻፍ።

ሁለት ጊዜ መፈረም የሚመጣው ከቅን ልብ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ የፈረመ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይደግማል። ሁልጊዜ «ከዚህ በፊት ፈርመዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፊርማ ሰብሳቢው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ሲፈረም በዓይኑ ማየት አለበት። በቅጹ ግርጌ ያለውን ቃል ራሱ በእጁ ሞልቶ፣ ቀኖቹን ጽፎ፣ ቢዋሽ በሕግ እንደሚጠየቅ አውቆ ይፈርማል። ክሊፕቦርዱን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ቡና ሊያመጣ መሄድ የለም። ለፈራሚ ገንዘብም ሆነ ሌላ ዋጋ ያለው ነገር በፊርማው ምትክ መስጠት ወንጀል ነው። ሬስቶራንት ያላችሁ፣ «ለፈረመ ቡና በነጻ» እንዳትሉ። የቅጹን ይዘት አጣሞ መናገርና ላንብብ ያለን ሰው መከልከልም እንዲሁ ያስጠይቃል። የፈራሚዎቹ ስምና አድራሻ ለሪኮሉ ብቻ ነው። ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ፣ በኋላ ለሌላ ጉዳይ መጠቀም አይፈቀድም።

ግሪን ካርድ ያላችሁ

አትፈርሙ። ለምርጫም አትመዝገቡ። መፈረም የሚችለው የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው፤ መራጭ ለመሆን ደግሞ ሲቲዝን መሆን ግድ ነው። ሲቲዝን ሳይሆኑ መመዝገብና መምረጥ የሲቲዝንሺፕ ማመልከቻን ሊያበላሽ፣ ከዚያም አልፎ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። ሰብሳቢው «ችግር የለውም፣ ዝም ብለህ ፈርም» ቢል ችግሩ የእናንተ እንጂ የእሱ አይደለም። አደራ፣ በተለይ አዲስ ለመጡ ዘመዶቻችሁ ንገሩ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን ዳር ቆሞ ተመልካች አይሆንም። ገንዘብ መለገስ ይችላል። ፊርማ ሰብሳቢ ሆኖ መቆም ይችላል። ስብሰባ ላይ መናገር ይችላል። በቪዛ ወይም በጥገኝነት ጉዳይ ላይ ያለና ግሪን ካርድ የሌለው ሰው ግን ገንዘብ መስጠት አይፈቀድለትም።

ገንዘብ

ዘመቻው 2,000 ዶላር ከደረሰ ኮሚቴ መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ቅጹ «ፎርም 410» ይባላል። እንደ ዕቁብ በአንድ ሰው የግል አካውንት ወይም በዜል አትሰብስቡ። የባንክ አካውንት ክፈቱ፣ ትሬዠረር (ገንዘብ ያዥ) ሹሙ፣ የእያንዳንዱን ለጋሽ ስም፣ አድራሻና ሥራ ያዙ። ቤተ ክርስቲያንና ከግብር ነጻ የሆኑ ማኅበራት በዚህ ገንዘብም ሆነ በዐውደ ምሕረት ቅስቀሳ እንዳይገቡ፤ ከግብር ነጻ መሆናቸውን አደጋ ላይ ይጥላል። ምእመኑ በግሉ የፈለገውን ማድረግ ይችላል።

ካስገባችሁ በኋላ

ፊርማው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባል። ከሚያስፈልገው ሩብ ያህል ትርፍ ይኑራችሁ። በ2022 የሳን ፍራንሲስኮ ሦስት የስኩል ቦርድ አባላትን ያወረዱት ወላጆች 51,325 ሲያስፈልግ በእያንዳንዳቸው ላይ 80,000 ያህል ነበር ያስገቡት። የምርጫ ቢሮው ለማጣራት 30 የሥራ ቀን አለው።

ከጎደለ መጨመር የለም። ግን ጠያቂዎቹ የትኛው ፊርማ ለምን እንደወደቀ የማየት መብት አላቸው፤ ከተነገራችሁ በ21 ቀን ውስጥ ሄዳችሁ ማየት ጀምሩ። ስህተት ካለ የሚገኘው እዚያ ነው።

ከበቃ ምክር ቤቱ በ14 ቀን ውስጥ ምርጫ መጥራት አለበት። ምርጫው ከዚያ ከ88 እስከ 125 ቀን ባለው ጊዜ ይደረጋል፤ ሌላ ምርጫ ከተቃረበ ከእሱ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ድምፅ መስጫው ለሁሉም መራጭ በፖስታ ይላካል። እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው ሽማግሌ ወይም እናት ድምፅ መስጫ ጣቢያ ሲሄዱ እስከ ሁለት ረዳት ይዘው መግባት ይችላሉ። አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ወኪል ግን ረዳት መሆን አይችልም።

ካሸነፋችሁ በማግስቱ የምክር ቤቱን አጀንዳ ተከታተሉ፤ ከመደበኛ ስብሰባ 72 ሰዓት በፊት ይለጠፋል። የተተኪው ሹመት የሚነሳበትን ቀን ያዙ። ያስቆጣችሁ ውሳኔ ዳግም በአጀንዳ እንዲያዝ ለቀሪዎቹ አባላት በጽሑፍ ጠይቁ፤ በስብሰባውም ተናገሩ። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ከተፈቀደ፣ በአስተርጓሚ ለሚናገር ሰው ቢያንስ እጥፉ፣ አራት ደቂቃ፣ እንዲሰጠው የስቴቱ ሕግ ያዛል። አባቶችና እናቶች በአማርኛ ይናገሩ፤ አስተርጓሚውን ይዛችሁ ሂዱና ከመጀመራቸው በፊት ጊዜው እንዲያዝላቸው ለክለርኩ ንገሩ።